ስለ ሌዘር ብርሃንና አብሮት ስለሚጎላው ሁካታ
በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር



ዛሬ የምናገረው ሌዘር ስለሚባለው ብርሃን ነው። ነገሩን ከአገራችን ምሳሌ ልጀምር። ከከተማችን ከአዳማ ብዙም ሳይርቅ የቆቃ ግድብ አለ። የአዋሽ ውሃ ከግድቡ በስተ ኋላ ከፍ ብሎ ስለ ተጠራቀመ፥ ሲለቀቅ ተርባይኑን የሚያዞር ኀይል ይሰጣል። ግድቡ ሥራ በጀመረበት ዓመት፥ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1960፥ ቴዎዶር ሜይማን የተባለ አሜሪካዊ በካሊፎርኒያ የመጀመሪያውን ሌዘር አበራ። እርሱም ሩቢ በሚባል የከበረ ድንጋይ ውስጥ ያሉትን አቶሞች በብርቱ የብልጭታ መብራት ከፍ ወዳለ የኀይል ደረጃ አወጣቸው፤ እንደ ግድብ ውሃም ተጠራቀሙ።

የተጠራቀመው ኀይል በሁለት መንገድ ብርሃን ሆኖ ይወጣል። አንደኛው፥ አቶሙ ማንም ሳይቀሰቅሰው በራሱ ጊዜ ሲፈነጥቅ ነው። ይህ ድንገተኛ ፍንጠቃ ይባላል፤ ጊዜውም አቅጣጫውም ሥርዐት የለውም። ሁለተኛውን ያስረዳው አልበርት አይንሽታይን ሲሆን፥ ጽሑፉም በ1917 ታትሟል፤ ይኸውም የሚያልፍ ብርሃን አቶሙን ቀስቅሶ ራሱን የመሰለ ሌላ ብርሃን ሲያስወጣው ነው። በሠርግ ቤት አንዷ ዘፈን ስታወጣ ሌሎቹ በዚያው ዜማ እንደሚቀበሏት ማለት ነው።

ዳሩ ግን ተቀባዮቹ ቀድሞ የደረሰባቸውን ድምፅ ሁሉ ይቀበላሉ። በራሱ ጊዜ የፈነጠቀውም ብርሃን በተዘጋጁት አቶሞች መካከል ሲያልፍ እንደ ዋናው ይባዛል። ይህም የጎለበተ ድንገተኛ ፍንጠቃ ይባላል። ለአንዳንድ ሥራ ይጠቅማል፤ የዓይን ሐኪሞች የዓይንን የኋላ ሽፋን ለመመርመር በሚጠቀሙበት መሣሪያ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚያበራው ይኸው ነው። ለመልእክት ግን ጠላት ነው።

አገራችን የባሕር ጠረፍ ስለሌላት፥ ከውጭ ዓለም የሚያገናኛት የመስታወት ክር በጅቡቲና በሌሎች ጎረቤቶች በኩል ይገባል። የአዳማ እናት በዱባይ ካለች ልጅዋ ጋራ ስትነጋገር፥ ድምፅዋ በብርሃን ተጭኖ እንዲህ ባለ ክር ይጓዛል። ብርሃኑ በመንገድ ስለሚደክም፥ በረጅም መስመር ላይ በ80 ወይም በ100 ኪሎ ሜትር ገደማ ልዩነት ማጉያ ይደረግለታል። በ1987 በእንግሊዝ አገር በሳውዝሃምፕተን ዩኒቨርሲቲ የተሠራው ማጉያ፥ ኤርቢየም የተባለ ንጥረ ነገር የተጨመረበት ክር ነው። ማጉያውም መልእክቱን ሲያጎላ የራሱን ድንገተኛ ብርሃን ይጨምርበታል፤ ተከታዩ ማጉያ ደግሞ ሁለቱን አንድ ላይ ያጎላል። ማጉያው በበዛ ቁጥር ሁካታው ያድጋል። ስለዚህ መልእክቱ በሁካታው ሳይሰጥም፥ በጣቢያ ተቀብለው አንብበው በአዲስ ብርሃን እንደገና ይጽፉታል።

ጓደኞቼ ሆይ፤ ባለፈው ዓመት ከጓደኛዬ ደብተር አንድ የፊዚክስ ቀመር ገለበጥሁ። እርሱም ከሌላ ደብተር ገልብጦት ኖሯል። እኔ ደግሞ በጥሩ ጽሕፈት ጽፌ ለታናናሾቼ አስጠናኋቸው። ቀመሩ ስሕተት ስለ ነበረ፥ በፈተና ቀን ሁላችንም ያንኑ ስሕተት ጻፍን። ጽሕፈቴ ስላማረ ማንም አልተጠራጠረም።

እንግዲህ የሰማነውን ከማብዛታችን በፊት ወደ ምንጩ እንመለስ፤ መጽሐፉን እንግለጥ፤ መምህሩን እንጠይቅ። የደመቀ ሁሉ እውነት አይደለምና።