ከመዝገብ የቀረች አያት



የዛሬው ርእሴ በጣልያን ቅኝ ግዛት ዘመን የነበረች ሴት አያትን ማንነት ፍለጋ ነው። ጣልያን ኤርትራን ቅኝ ግዛቴ ብላ ካወጀችበት ከ1890 አንሥቶ ድል ተመትታ እስከ ወጣችበት እስከ 1941 ድረስ (ዓመተ ምሕረቱን በፈረንጅ አቆጣጠር እጠራለሁ)፣ ከጣልያን ሹማምንትና ወታደሮች ጋር በአንድ ጣራ ሥር ኖረው ልጅ የወለዱ የኤርትራና የኢትዮጵያ ሴቶች ነበሩ። ጣልያኖቹ «ማዳማ» ይሏቸው ነበር።

ከእነዚህ ሴቶች የተገኙት ቤተሰቦች ሁለት ዓይነት ናቸው። በእናት እጅ ያደጉት እናታቸውን ያውቃሉ፤ የሚፈልጉት አባታቸውን ነው። አባት የተቀበላቸው ወይም የሚሲዮን ማሳደጊያ የወሰዳቸው ግን ከእናት ወገን ተነጥለው ስላደጉ የአያታቸውን ነገር በወሬ ብቻ ነው የሚያውቁት። እኔ የምናገረው ስለ ሁለተኛዎቹ ነው። አቋሜንም ከወዲሁ ላስቀምጥ፦ ይህች አያት የጠፋችው የወንዱ መዝገብ ማንነቷን ስላልጠየቀ ነው፤ ስለዚህ በዚያ መዝገብ ብቻ የሚፈልጋት ሰው አያገኛትም።

ነገሩ ከጋብቻው ይጀምራል። «ደሞዝ» የሚባለውን የጋብቻ ዓይነት ታላላቆቻችን ያውቁታል። ለተወሰነ ጊዜ፣ በታወቀ ክፍያ የሚታሰር ውል ነው፤ ከዚያ የሚወለደውም ልጅ አባት አለው። ጣልያኑ ከዚህ ውል የተመቸውን ወስዶ ግዴታውን ተወው። በመንደሯ ባለትዳር የነበረችው ሴት በእሱ ዘንድ ቅጥረኛ ሆነች። ከዚያ ወዲያ የሚጻፈው ነገር ሁሉ በዚህ ልዩነት ላይ የቆመ ነው።

ቀጥሎ ሕጉ መጣ። የ1933ቱ ሕግ ከክልሶች መካከል በጣልያን ባህል ያደጉት ዜግነት የሚያገኙበትን በር ከፍቶ ነበር፤ በሩ ግን ብዙ አልቆየም። ከየካቲት 12ቱ የአዲስ አበባ ጭፍጨፋ ልክ ሁለት ወር በኋላ፣ ኤፕሪል 19 ቀን 1937 የወጣው ቁጥር 880 አዋጅ፣ ከቅኝ ተገዢ ሰው ጋር የባልና ሚስት ዓይነት ኑሮ የኖረ ጣልያናዊ ከ1 እስከ 5 ዓመት እንዲታሰር ደነገገ። የ1940ው ቁጥር 822 ሕግ ደግሞ ጣልያናዊ አባት ክልስ ልጁን እንዳይቀበልና ስሙንም እንዳይሰጠው ከለከለ።

የ1937ቱን አዋጅ ልብ ብለን እንመልከተው። የሚቀጣው ጣልያናዊውን ብቻ ነው፤ የሚቀጣውም ከሴቲቱ ጋር በመተኛቱ ሳይሆን እንደ ሚስት አድርጎ በመያዙ ነው። ስለዚህ ችሎቱ የሚመረምረው አብረው ይበሉ እንደሆነ፣ በአንድ ቤት ያድሩ እንደሆነ፣ ይወዳት እንደሆነ ነበር። ለተከሳሹ የሚያዋጣው መልስ የታወቀ ነው፤ «ገረዴ ናት» ወይም «ሴተኛ አዳሪ ናት» ማለት። እንግዲህ የልጅ ልጅ ከስንት ዓመት በኋላ ያንን መዝገብ ገልጦ አያቱ «ገረድ» ተብላ ቢያገኛት መደንገጥ የለበትም። ያ ቃል የተከሳሹ መከላከያ ነው፤ ስለ እሷ የተሰጠ ምስክርነት አይደለም።

የወንዱ ቃል ምን ያህል እምነት እንደሚጣልበት አንድ የታወቀ ታሪክ ያሳየናል። ኢንድሮ ሞንታኔሊ በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ስማቸው ከገነነ የጣልያን ጋዜጠኞች አንዱ ነው። በ1935 በኤርትራ አስካሪዎች (ለጣልያን በሚያገለግሉ ተወላጅ ወታደሮች) ላይ መኮንን ሆኖ ሲያገለግል አንዲት ልጃገረድ በገንዘብ ወስዶ «ሚስት» አደረገ። ይህንን ራሱ በአደባባይ ተናግሯል። በ1969 በቴሌቪዥን ሲያወራው፣ አስመራ የተወለደችው ኤልቪራ ባኖቲ ተነሥታ ያንኑ ድርጊት በአውሮፓ በ12 ዓመት ልጅ ላይ ብትፈጽመው ምን ይባል ነበር ብላ ሞግታዋለች። የሚላኖ ከተማ ሐውልቱን አቁማለታለች፤ ሐውልቱም በ2019 እና በ2020 ተቃዋሚዎች ቀለም ደፍተውበታል።

እኛን የሚመለከተን ግን ልጅቷ ናት። ሞንታኔሊ አንድ ጊዜ ፋጢማ ይላታል፣ ሌላ ጊዜ ደስታ። አንዴ የ12 ዓመት ልጅ ነበረች ይላል፣ አንዴ የ14። ፋጢማ የእስላም ስም ነው፤ ደስታ ደግሞ ባመዛኙ የክርስቲያን። እንግዲህ የዚህችን ልጅ ዘር የሚፈልግ ሰው ከቤተ ክርስቲያን ይጀምር ወይስ ከቃዲ ቤት? በየጋዜጣው የሚጽፍ ሰው የ«ሚስቱን» ስም እንኳ አጽንቶ ካልተወልን፣ ከተራው ወታደር ምን እንጠብቃለን?

በተቃራኒው አልቤርቶ ፖሌራ የተባለውን ሹም እናገኛለን። በኤርትራ ለብዙ ዓመታት ያገለገለ፣ በ1922 ስለ ኢትዮጵያ ሴቶች መጽሐፍ ያሳተመ ሰው ነው። ከሁለት የአገሬው ሴቶች የወለዳቸውን ልጆች ተቀብሏል፤ በ1939፣ የዘር ሕጉ በጸናበት ወቅት፣ ከመሞቱ ጥቂት ቀደም ብሎ ከሁለቱ አንዷን፣ ኪዳን ምኒልክን፣ በሃይማኖት ሥርዓት አግብቷል። የኪዳን ስም እስከ እኛ የደረሰው ሊጽፈው የፈቀደ ሰው ስለነበረ ነው። ለብዙዎቹ እንዲህ ያለ ሰው አልተገኘም።

ታዲያ ፍለጋው ከየት ይጀመር? ከራሷ ወገን ነው። እኛ ዘንድ አንዲት ሴት ከአንድ በላይ ስም ነበራት፦ ወላጆቿ ያወጡላት መጠሪያ፣ ወለተ ማርያም የመሰለ የክርስትና ስም፣ አማት ለሙሽራ የምታወጣው ስም፣ በላዩም ፈረንጁ የሰጣት «ማሪያ»። ስለዚህ አራት ስም ያገኘ ሰው አራት ሴት አገኘሁ ብሎ አይቸኩል። የጣልያንኛው አጻጻፍም የራሱ ጣጣ አለው። ኪዳን በጣልያንኛ ሲጻፍ የሚጀምረው በ«ኬ» ሳይሆን በ«ሲ» እና በ«ኤች» ነው፤ ኃይለ የሚለው መነሻው ተገድፎ «አይለ» ይሆናል። በሮም የጣልያን ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር የታሪክ ቤተ መዛግብት የኤርትራን ሰነዶች ይዟል፤ እዚያ የሚሄድ ሰው ይህን ሳያውቅ ቢፈልግ ባዶ እጁን ይመለሳል። የዘመን አቆጣጠሩንም አንርሳ። አሮጊቷ «በ29 ወለድኩ» ካለች የጣልያኑ ወረቀት 1936 ወይም 1937 ይላል።

ፎቶግራፉም በጥንቃቄ ይታይ። በምጽዋ ስቱዲዮ የነበረው ሉዊጂ ናሬቲን የመሳሰሉ ባለሙያዎች ያነሷቸው ብዙ ሴቶች በፖስት ካርድ ተባዝተዋል፤ ከሥራቸው የሚጻፈው ግን የወገን መለያ እንጂ የሰው ስም አልነበረም። ቢሆንም በአንገቷ ላይ ያለው ማተብ፣ የሹሩባዋ አሠራርና ንቅሳቷ የአገሯን ሽማግሌ ቢጠይቁበት መንገድ ያሳያሉ።

ዛሬ ዲኤንኤ አለ ትሉኝ ይሆናል። አለ፤ ነገር ግን በእነዚያ የምርመራ ቋቶች ውስጥ የሚበዙት የአውሮፓ ዝርያ ያላቸው ሰዎች ናቸው። ምራቁን የላከ የልጅ ልጅ ቶሎ የሚያገኘው የወንድ አያቱን ዘመዶች ነው። አዲሱ መሣሪያም እንደ አሮጌው መዝገብ ወደ ወንዱ ያደላል።

የአገራችን ልማድ ከዚህ ሁሉ ይሻላል። በአማራው አገር የርስት ይገባኛል በአባትም በእናትም ይቆጠር ስለነበር፣ የሴት ቅድመ አያት ስም ከአፍ አይጠፋም ነበር፤ ስሟ መሬት ያስገኝ ነበርና። ጋብቻ ሲታሰብ ሰባት ቤት የሚቆጥር ሽማግሌም ሴቷን አይዘልም። ስለዚህ ከማኅደሩ በፊት የአያቲቱን እኅቶች ልጆች፣ የክርስትና እናቷን ቤት፣ የለቅሶዋን ዕድርተኞች እንጠይቅ።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። በመዝገብ ያልተገኘችን አያት ቤተሰብ ከወሬ ይሠራታል፤ አብዛኛውን ጊዜም የደጃዝማች ልጅ ትሆናለች። ክብር ለመስጠት ታስቦ የሚደረግ ነው፤ ነገር ግን እውነተኛዋን ሴት ሁለተኛ ጊዜ ይሰርዛታል። ጠላ ጠምቃ የሸጠች፣ የማይቀበላትን የልጇን አባት በር ያንኳኳች ሴት ለልጅ ልጆቿ የሚያሳፍር ታሪክ የላትም። ያልተረጋገጠው «ይባላል» ተብሎ ይጻፍ፤ የተረጋገጠው ከነምንጩ።

ክቡራትና ክቡራን፣ ያንን ዘመን በዓይናቸው ያዩት ጥቂት ቀርተዋል፤ ከእናታቸው አፍ የሰሙት ግን ዛሬም በመካከላችን አሉ። ከዚህ አዳራሽ ስትወጡ በየቤታችሁ ያሉትን አሮጊቶች ጠይቁ፣ ድምፃቸውን ቅረጹ፣ የሰማችሁትን በቀንና በስም ጻፉ። የቤተ መዛግብት ኃላፊዎችም የዘመኑን የፍርድ ቤትና የማሳደጊያ መዝገቦች ለልጅ ልጆች እንዲከፍቱ በዚህ መድረክ ስም እጠይቃለሁ።