ስለ ልብስ አስተሻሸግና አላላክ

የዛሬው ንግግራችን በቆቦና በራያ ቆላ ተቀምጠው፥ በእጅ የተሠራ ልብስ በኢንተርኔት እየሸጡ ወደ ሩቅ ቦታ ለሚልኩ ወንድሞችና እኅቶች የታሰበ ነው።

በቀድሞው ጊዜ ገዢ ገበያ ወጥቶ ጋቢውን በእጁ ይዳስስ፥ የነጠላውንም ጥለት ዘርግቶ ይመለከት ነበር። ዛሬ ግን የአዲስ አበባው ገዢ ፎቶግራፉን በቴሌግራም አይቶ ገንዘቡን በቴሌብር ይልካል። ሳይዳስስ አምኖ ከፍሏልና ሻጩ ባለአደራ ሆነ ማለት ነው። ፈታዪቱና ሸማኔው ብዙ ቀን የደከሙበት ሸማ በመጥፎ አስተሻሸግ ምክንያት ቢበላሽ፥ የሚጠፋው የአንድ ልብስ ዋጋ ብቻ ሳይሆን የሻጩም ስም ነው።

ከቆቦ በወልድያና በደሴ አድርጎ አዲስ አበባ የሚያደርሰው መንገድ ከ500 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ዕቃው ከቆላው ሙቀትና ትቢያ ተነሥቶ የደጋውን ብርድና ዝናብ ያልፋል። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሞ ልብሱ ፈጽሞ መድረቅ አለበት። ላይ ላዩን የደረቀ ቢመስልም፥ በወፍራሙ ጥለትና በስፌቱ ውስጥ እርጥበት ይቀራል፤ ይህም በፌስታል ታፍኖ ሲሰነብት ይሻግታል።

ሁለተኛ፥ ጥለቱን በእርጥብ ነጭ ጨርቅ ቀስ አድርጎ መፈተን ይገባል። ቀለሙ የሚለቅ ከሆነ፥ በጥለቱና በነጩ መካከል ንጹሕ ነጭ ወረቀት ይግባ። ጋዜጣ ግን አይሁን፤ ቀለሙ ወደ ሸማው ይጋባልና።

ሦስተኛ፥ ጥልፉን ወደ ውስጥ አድርጎ ማጠፍ፥ በፌስታል ከትቶ አየሩን ማስወጣት፥ አፉንም በፕላስተር መዝጋት ነው። የተቀባዩን ስምና ስልክ በወረቀት ጽፎ በውስጥም በውጭም ማኖር መልካም ነው፤ የውጭው ቢላጥ የውስጡ ይመሰክራል። ለነጠላና ለጋቢ አፉ የተሰፋ የማዳበሪያ ከረጢት ይበቃል፤ ጥልፍ ወይም ዶቃ ላለበት ቀሚስ ግን ካርቶን ይሻላል።

ብዙ ጊዜ ገዢው፥ «እግረ መንገድህን ጥቂት በርበሬና ቅቤ ጨምርልኝ» ይላል። ይህን በትሕትና እንቢ ማለት፥ ወይም ለብቻው አሽጎ መላክ ያስፈልጋል። በቆላ ሙቀት የቀለጠ ቅቤ ፌስታል አያግደውም፤ በነጭ ሸማ ላይ የፈሰሰ እንደ ሆነም በቀላሉ አይለቅም።

በአውቶቡስ ሲላክ ዕቃው ከጣሪያ ይልቅ በውስጠኛው የዕቃ ማስቀመጫ እንዲገባ መለመን፥ ደረሰኝም መቀበል ነው። ወደ ውጭ አገር ለሚላከው ደግሞ ፖስታ አለ። በ1886 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ ፖስታ በ1901 ዓ.ም. የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል ሆኗል። በጉምሩክ ቅጹ ላይ የዕቃው ዓይነትና እውነተኛ ዋጋው ይጻፍ፤ መርማሪ ከፍቶ ሊያየው ስለሚችልም የመጨረሻው ስፌት ከምርመራው በኋላ ቢሆን ድካም ይቀንሳል። ገዢውም በሚኖርበት አገር ቀረጥ ሊጠየቅ እንደሚችል አስቀድሞ ይነገረው።

የመድረሻውን ቀን ቈርጦ ተስፋ መስጠት ግን አይገባም። በሐምሌ 2013 ዓ.ም. እና በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ቆቦ በደረሰ ጊዜ የሆነውን የአገሩ ሰው ያውቀዋል፤ መንገድ ሲዘጋ የነጋዴ ቃል ይታጠፋል። ከዚህም በቀር ልብሱን ሳይታሸግ ፎቶግራፍ ማንሣት፥ ክብደቱን መመዝገብ፥ ከገዢው ጋር የተጻጻፉትንም መልእክት አለማጥፋት ይጠቅማል። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ለእንዲህ ያለው መልእክት ሕጋዊ ዋጋ ሰጥቶታልና፥ ክርክር ቢነሣ ማስረጃ ይሆናል።

ይህ ሁሉ ከአንድ ሰዓት የማይበልጥ ሥራ ነው። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ይባላልና፥ የሸማኔውን ድካም በጥድፊያ አናበላሽ።