ስለ ኩኪ ብልሽትና ስለ ባለሙያው ጥንቃቄ



«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» እንዲሉ፣ ድረ ገጽ አልከፈት ሲል የመጀመሪያው ተግባር የብልሽቱን ሥር መፈለግ ነው። ይሁን እንጂ በየመሥሪያ ቤቱ የሚዘወተረው ሌላ ነው። ተጠቃሚው «ገጹ እምቢ አለኝ» ሲል፣ ባለሙያው «ኩኪውን በሙሉ አጥፋው» ብሎ ይመልሳል። ገጹ ይከፈት ይሆናል፤ ተጠቃሚው ግን ከኢሜይሉም ከሌሎቹም አካውንቶቹ በአንድ ጊዜ ይወጣል። የይለፍ ቃሉን የረሳ፣ የማረጋገጫ መልእክት የሚደርስበትንም የስልክ ቁጥር የለወጠ ሰው ከነጭራሹ ተመልሶ ላይገባ ይችላል። የዚህ ንግግር ዓላማ ይህ ጉዳት ሳይደርስ ብልሽቱ የሚለይበትን መንገድ ማመልከት ነው።

ለመሆኑ ኩኪ ምንድን ነው? ሰርቨር በተፈጥሮው ደንበኛውን አያስታውስም፤ የሚቀርብለት ጥያቄ ሁሉ ለእርሱ አዲስ እንግዳ ነው። ይህን ጉድለት ለመሙላት የኔትስኬፕ ኩባንያ ባልደረባ የነበረው ሉ ሞንቱሊ በ1994 እ.ኤ.አ. ኩኪን ለድረ ገጽ ሥራ አዋለው። ሰርቨሩ ለብራውዘሩ አጭር ጽሑፍ ይሰጣል፤ ብራውዘሩም አስቀምጦ ወደዚያው ድረ ገጽ በተመለሰ ቁጥር መልሶ ያሳያል። ነገሩ ዕቃ በአደራ ያስቀመጠ ሰው እንደሚቀበለው ቁጥር ነው። ቁጥሩ ሲበዛ፣ ሲሳሳት፣ ሲከለከል ወይም ጊዜው ሲያልፍ አገልግሎቱ ይቋረጣል። ብልሽቱም በእነዚሁ በአራቱ ይከፈላል።

አንደኛው መብዛት ነው። አርኤፍሲ 6265 የተባለው የ2011 እ.ኤ.አ. ደንብ፣ ብራውዘሮች ለአንድ ኩኪ ቢያንስ 4,096 ባይት፣ ለአንድ ዶሜይን ደግሞ ቢያንስ 50 ኩኪዎች እንዲችሉ ይመክራል። በአንጻሩ ኤንጂንኤክስና አፓቺን የመሳሰሉ ሰርቨሮች፣ አስተዳዳሪው ካልለወጠው በቀር፣ በአንድ የራስጌ መስመር የሚቀበሉት 8 ኪሎባይት ያህል ብቻ ነው። ብራውዘሩ የተሸከመውን ሰርቨሩ አልቀበልም ሲል 400 ወይም 431 የሚል ቁጥር ይታያል።

ሁለተኛው የቆየ ወይም እርስ በርሱ የሚጋጭ ኩኪ ነው። ዋናው ገጽ «መጀመሪያ ግባ» ብሎ ወደ መግቢያው ይልካል፤ መግቢያው ደግሞ «ገብተሃል» ብሎ ይመልሳል። ምልልሱ ሲበዛ ብራውዘሩ ራሱ ያቋርጠዋል።

ሦስተኛው እገዳ ነው። ሳፋሪ ከመጋቢት 2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሦስተኛ ወገን ኩኪዎችን ፈጽሞ ያግዳል። ስለዚህ መግቢያው በሌላ ዶሜይን ላይ የተሠራ ድረ ገጽ ሊሰናከል ይችላል። እዚህ ላይ ኩኪ ማጥፋት አይረዳም፤ መድኃኒቱ ብራውዘሩ የሚያስችል ከሆነ ለዚያ ገጽ ብቻ መፍቀድ ወይም የገጹ ባለቤት አሠራሩን ማረሙ ነው።

አራተኛው የሰዓት ስሕተት ነው። የኮምፒዩተሩ ቀን ወደ ፊት ከሄደ፣ የማብቂያ ቀን የተጻፈበት ኩኪ ገና እንደ ደረሰ ጊዜው እንዳለፈበት ይቆጠራል። በአገራችን ደግሞ ተቃራኒው ያጋጥማል፤ ዓመቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከተሞላ ኮምፒዩተሩ 7 ወይም 8 ዓመት ወደ ኋላ ይቀራል። ያን ጊዜ የድረ ገጹ የደኅንነት ሰርተፊኬት ገና ያልጀመረ ስለሚመስል ብራውዘሩ ገጹን አይከፍትም። ይህ የኩኪ ብልሽት ባይሆንም ብዙ ጊዜ ለእርሱ ሊመስል ይችላልና መለየት ይገባል።

እንግዲህ የምርመራው ቅደም ተከተል እንዲህ ቢሆን ይመረጣል። በመጀመሪያ በገጹ ላይ የወጣው መልእክት ይነበብ፤ ቀኑና ዓመቱ ይመርመር። ቀጥሎ ገጹ ኢንኮግኒቶ በሚባለው የግል መስኮት ይሞከር። በዚያ ከተከፈተ ጥርጣሬው በተቀመጡት ኩኪዎች ወይም በብራውዘሩ ተጨማሪ ፕሮግራሞች ላይ ያርፋል፤ ካልተከፈተ መስመሩ፣ ሰርቨሩ ወይም ከላይ የተገለጸው እገዳ ይታይ። ኩኪው ጥፋተኛ ሆኖ ከተገኘ፣ በክሮምም ሆነ በፋየርፎክስ ከአድራሻው በስተግራ ያለውን ምልክት በመጫን የዚያ ድረ ገጽ ብቻ ይጥፋ። ይህም ቢሆን ተጠቃሚው የይለፍ ቃሉን ማወቁ ከተጠየቀ በኋላ ነው።

«ለምጣዱ ሲባል አይጧ ትለፍ» ይባላል። በዚህ ሥራ ግን ምጣዱን ሳይሰብሩ አይጧን መያዝ ይቻላል። ከጠፋ በኋላ በየሳምንቱ እየተመለሰ የሚያብጥ ኩኪም የተጠቃሚው ጥፋት አይደለም፤ የድረ ገጹ ሠሪ ጥፋት ነው። ባለሙያው ይህን ለገጹ ባለቤት ጽፎ ካላስታወቀ፣ ተጠቃሚው የሌላውን ስሕተት ዕዳ ሲከፍል ይኖራል።