ቀና ብሎ የሚጠብቅ ሥራ ፈት አይደለም

(ለምእመናንና ለፕሮጀክት ሠራተኞች የተደረገ ንግግር)



በቤተ ሰብም ሆነ በሥራ ቦታ ከሚያጣሉን ነገሮች አንዱ «ማን ሠራ? ማንስ ቆሞ ዋለ?» የሚለው ጥያቄ ነው። ስለዚህ ነገር በካናዳ ሰሜናዊ ክፍል፥ በባይሎት ደሴት፥ በሰኔ ወር እንቁላል ከሚጥለው ነጭ የዱር ዝይ ኑሮ ጥቂት ልንገራችሁ።

እንስቷ እንቁላሎቿን ለ23 ወይም ለ24 ቀናት ያህል ትታቀፋለች። ከጊዜዋም ከመቶ 90 እጅ በላይ የሚያልፈው በጎጆዋ ላይ ነው። የምትበላው ጥቂት ስለ ሆነ ያከማቸችው ስብ እያለቀ ትከሳለች። ወንዱ አይታቀፍም፤ ነገር ግን ከአጠገቧ ሳይርቅ ቀበሮንና ነጣቂ ወፎችን ያባርራል።

ጫጩቶቹ በተፈለፈሉ በአንድ ቀን ገደማ ከጎጆው ወጥተው ወላጆቻቸውን ይከተላሉ። አንዳንዶቹ ጥሩ ሣር ፍለጋ እስከ 30 ኪሎ ሜትር በእግራቸው ይጓዛሉ። ወላጆች ጫጩቶቻቸውን አያጎርሱም፤ ጫጩቶቹ ራሳቸው እየነቀሉ ይበላሉ። የወላጅ ድርሻ ወደ መስኩ ማድረስ፥ በብርድ ጊዜ በክንፍ ሥር ማሞቅና መጠበቅ ነው። በዚያ ሰሞን ፀሐይ ስለማትጠልቅ ሌሊትም ይግጣሉ።

እንግዲህ የጊዜ አከፋፈላቸውን ተመልከቱ። እናቲቱ የከሳ ሰውነቷን ለመመለስ አንገቷን ደፍታ አብዝታ ትበላለች። አባትየው ግን ከእርስዋ ይልቅ ለረዥም ጊዜ አንገቱን ቀና አድርጎ ዙሪያውን ይቃኛል። እርሱም መብላት ያስፈልገዋል፤ ቀና ባለ ቁጥር የሚያልፈው ጉርሻ አለ። በእነዚሁ ሳምንታት ወላጆቹ የክንፋቸውን ላባ ስለሚጥሉ መብረር አይችሉም፤ ስለዚህ አደጋን ቀድሞ ማየት ግድ ይሆናል። ጫጩቶቹ በ6 ሳምንት ገደማ ይበርራሉ፤ ቤተ ሰቡም ሳይለያይ ወደ ደቡብ ይሄዳል።

ወገኖች ሆይ፤ ዝይ ሰው አይደለም፥ ሕግም አናወጣበትም። ነገር ግን ሁለት ነገር ያሳስበናል። አንደኛ፥ የምታጠባ እናት የምትበላው ለልጇም ነው። በእርዳታ እደላ ጊዜ ሕፃኑን መዝነን እናቲቱን እንዳንረሳ። በአገራችን አራስ ገንፎ እየቀረበላት የምትታረሰው ስለዚህ አይደለምን? ሁለተኛ፥ የመጋዘን ጠባቂውን፥ የሌሊት ዘበኛውን፥ የታመመ አስታማሚውን «ምን ሠራ?» አንበል። ሌሎቻችን አንገታችንን ደፍተን የምንሠራው እርሱ ቀና ብሎ ስለሚጠብቅ ነው።