ፔዳሉ ሳይቆም

(በ1996 ዓ.ም. ተመራቂዎች 20ኛ ዓመት መገናኛ ላይ የቀረበ ንግግር)



መድረክ መሪያችን ሲያስተዋውቀኝ «ፈረንሳይ አገር 1,200 ኪሎ ሜትር በሳይክል በ90 ሰዓት የጨረሰች» ብሎ ነው። ላጨበጨባችሁት አመሰግናለሁ፤ ግን ጭብጨባውን መመለስ አለብኝ። መንገዱን ጨርሻለሁ፣ ሰዓቱን ግን አልደረስኩበትም። ከጨረሱት ዝርዝር ውስጥ ስሜ የለም። በቴሌግራም ግሩፓችን ላይ «እንኳን ደስ አለሽ» ሲጎርፍ ዝም ያልኩት እኔ ራሴ ነኝ። ዛሬ ስለዚያ ዝምታ፣ እና ከእሱ ስለሚበልጥ ሌላ ዝምታ ልናገር ነው የመጣሁት።

ለማታውቁት፣ ጉዞው ፓሪስ-ብሬስት-ፓሪስ ይባላል። በ1891 እ.ኤ.አ. የተጀመረ ነው። ያኔ ውድድር ነበር፤ ሻርል ቴሮን የሚባል ፈረንሳዊ በ71 ሰዓት ከ22 ደቂቃ አሸነፈ፣ ያውም ሳይተኛ ነው የሚባለው። ዛሬ በየ4 ዓመቱ የሚካሄድ፣ አንደኛ ሁለተኛ የሌለው ጉዞ ነው። ለመመዝገብ በዚያው ዓመት የ200፣ የ300፣ የ400 እና የ600 ኪሎ ሜትር ጉዞዎችን በተወሰነላቸው ሰዓት መጨረስ ግዴታ ነው፤ 600ውን በ40 ሰዓት። እኔ እነዚህን የነዳሁት ከምኖርበት ከዋሽንግተን ወጣ ብሎ፣ በቨርጂኒያ ኮረብታዎች ላይ ነው።

ሳይክሌ ደግሞ ማርሽ የማይቀየርበት ብቻ ሳይሆን ፔዳሉም የማይቆም ነው። የኋላው ጥርስ ከጎማው ጋር ተጠርንፏል፤ ጎማው ከዞረ እግርህ ይዞራል። ቁልቁለት ላይ እግርን ማሳረፍ የለም። በ1891 የነበሩት ሳይክሎች እንደዚህ ነበሩ። በቱር ደ ፍራንስ እንኳ ማርሽ መቀያየሪያ የተፈቀደው በ1937 እ.ኤ.አ. ነው። የኔ ከፊት 48 ጥርስ፣ ከኋላ 18 ነው፤ አንድ ዙር 5.6 ሜትር ገደማ ይወስደኛል። ለ1,200 ኪሎ ሜትር ከ210 ሺህ ዙር በላይ ማለት ነው። ቁልቁለት ላይ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ከሄድኩ እግሬ በደቂቃ 150 ጊዜ ይሽከረከራል። (የፊት ፍሬን አለው። እናቴ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ስላለች ነው ይህን የምጨምረው።)

ለምን እንዲህ ዓይነቱን? መልሱ ቀላል ነው፤ ርካሽ ነበር። ሬዚደንት ሆኜ ከአንድ ጎረቤቴ ገዛሁት። ልጅ ሳለሁ ሰፈራችን ሳይክል በሩብ ሰዓት ይከራይ ነበር፤ ለሴት ልጅ ሲሆን ግን አከራዩም ያንገራግር፣ መንገደኛውም ይገላምጥ ነበር። ያ ቁጭት ሳይኖርበት አይቀርም። በመጀመሪያው ቀን እንደ ልጅነቴ እግሬን ላሳርፍ ስል ከኮርቻው አንስቶ ወረወረኝ። ከዚያ በኋላ ለመድኩት፤ ሌላ ሳይክል አላማረኝም።

ነሐሴ 14 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ እሑድ ከምሽቱ 12 ሰዓት፣ ፀሐይ ገና ሳትጠልቅ ከራምቡዬ ተነሳን። ስለ መንገዱ ብዙ አላወራችሁም፤ ብሬታኝ ማለት ወጣ ገባ ነው፣ ወጣ ገባ፣ ወጣ ገባ። የማይረሳው የገጠሩ ሕዝብ ነው። ከሌሊቱ 9 ሰዓት በራቸው ላይ ጠረጴዛ ዘርግተው ውሃ፣ ቡና፣ ቂጣ የመሰለ ክሬፕ ይዘው ይጠብቃሉ። ገንዘብ ስትሰጣቸው እጃቸውን ይሰበስባሉ። የእኛን አገር የጥምቀት ሰሞን አስታወሰኝ።

ማክሰኞ ብሬስት ደረስኩ፣ ዞርኩ። በሦስት ሌሊት የተኛሁት ተደምሮ አምስት ሰዓት አይሞላም። የግራ እጄ ቀለበት ጣትና ትንሿ ጣት ደንዝዘዋል። የኡልናር ነርቭ፤ አናቶሚ ያስተማሩን መምህር እዚህ ስላሉ በትክክል መለስኩ ብዬ አምናለሁ።

አራተኛው ሌሊት፣ ቪሌን-ላ-ዡኤልን ካለፍኩ በኋላ፣ ሊነጋ ሲል ይሁን ሌሊቱ ገና ይሁን የማላውቀው ሰዓት ላይ፣ የፊት ጎማዬ ሣር ላይ ሲንኳኳ ነቃሁ። ነቃሁ ነው የምላችሁ። ተኝቼ ነበር። እግሬ ግን እየዞረ ነበር። በሌላ ሳይክል ቢሆን ስታንቀላፋ እግርህ ይቆማል፣ ፍጥነቱ ይወርዳል፣ ሰውነትህ ያውቃል። የኔው ሳይክል ግን እግሬን ይዞ ያዞርልኛል። ከኋላዬ የሚመጣ ሰው ቢያየኝ «ጎበዝ፣ እንዴት ትነዳለች» ይል ነበር።

ያን ጊዜ ትዝ ያለኝ የልምምድ ዓመቴ ነው። ሆስፒታሉን አልጠራም፤ ጥፋቱ የኔ ነው። ከ30 ሰዓት በላይ ቆሜ ነበር። ሲስተር ቻርት ይዛ መጣችና በቀስታ «ዶክተርዬ፣ ይቺን እስቲ ደግመሽ እያት» አለችኝ። የአንድ ሕፃን መድኃኒት መጠን ነው። ነጥቧ አንድ ቦታ ተንሸራታለች፤ ዐሥር እጥፍ። የእጅ ጽሑፉ የኔ ነው፣ ያውም ቆንጆ፣ ቀጥ ያለ። መጻፌን ግን አላስታውስም። እስካሁንም አላስታውስም። አረምኩት፣ ሕፃኑ ደህና ሆነ፣ ሲስተርም እኔም ለማንም አልተናገርንም። 20 ዓመት ሊሞላው ነው። እጄ ይጽፍ ነበር፤ እኔ ግን አልነበርኩም።

ጥቂት ከሄድኩ በኋላ አንዲት አሮጊት ጋራዣቸው ውስጥ መብራት አብርተው ቁጭ ብለዋል። ቡናም አላቸው፣ ፍራሽም አላቸው። የቱን ትፈልጊያለሽ አሉኝ በእጃቸው እያሳዩ። ሰዓቴን አየሁ። 165 ኪሎ ሜትር ያህል ይቀረኛል፣ 10 ሰዓት አለኝ። ቡናውን ከጠጣሁ እደርሳለሁ። ከተኛሁ አልደርስም። ለአንድ ዓመት የተዘጋጀሁበት ነገር ነው፤ አለቀስኩ፣ አልደብቃችሁም። ፍራሹን አሳየኋቸው። ሦስት ሰዓት ተኛሁ። ራምቡዬ የገባሁት በ93 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ነው።

እንግዲህ መምህሮቻችን፣ በድፍረት ልናገር። እኛ ቡናውን እንድንመርጥ ነው ያደግነው። «እኛም እንዲሁ ነው የተማርነው» ተባልን፣ እኛም ለታናናሾቻችን እንዲሁ አልን። 24 ሰዓት ያልተኛ ሰው እጁና ዐይኑ የሚሠራው ደሙ ውስጥ 0.10 በመቶ አልኮል እንዳለበት ሰው መሆኑ በ1997 እ.ኤ.አ. ተለክቶ ታትሟል። በዚህ ልክ የጠጣ ሰው ዎርድ ቢገባ በጥበቃ ነው የምናስወጣው።

መፍትሔው ቀላል ነው አልልም። አሜሪካ ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሬዚደንት በሳምንት ከ80 ሰዓት በላይ እንዳይሠራ ወሰነች። በኋላ የወጡ ትልልቅ ጥናቶች ግን የተረኛን ሰዓት የበለጠ ማጥበቅ ብቻውን የሟች ቁጥር እንዳልቀነሰ አሳይተዋል፤ በሽተኛው ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ የሚጠፋም ነገር አለ። እዚህ ደግሞ የሰው ቁጥር እንደሚያንስ አውቃለሁ። ስለዚህ የምጠይቀው ሁለት ትንንሽ ነገር ነው። አንደኛ፣ ከ20 ሰዓት በላይ የቆየ ተረኛ የሚጽፈውን የሕፃናት መድኃኒት መጠን ሌላ ሰው ፈርሞ ይይልን። ሁለተኛ፣ አንድ ልጅ «ደክሞኛል፣ ሌላ ሰው ይየው» ሲል ራውንድ ላይ አይሳቅበት። የፍራሹን ወጪ የ96 ባች ይሸፍናል፤ ትናንት ማታ ተነጋግረንበታል።

ሲስተርን ባለፈው ሳምንት አፈላልጌ አገኘኋት። ጡረታ ወጥታለች። ቡና አፍልታ፣ ቁርሱ ቀርቦ፣ ለ20 ዓመት ይዤው የኖርኩትን ሁሉ አንድ በአንድ ነገርኳት፤ ሕፃኑን፣ ነጥቧን፣ ሌሊቱን። ስኒውን እያቀበለችኝ ትንሽ አሰበችና፣

«የቱ ልጅ ነው እሱ?» አለችኝ። «ስንቱን አስታውሳለሁ ብለሽ ነው ልጄ፤ ይሄማ የየሳምንቱ ነበር እኮ።»