የብስክሌቷ ቸርኬ ይጠገን ወይስ ይለወጥ?

(በማኅበሩ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በጸሐፊው በንባብ የቀረበ ንግግር። በስብሰባው ላልተገኙ አባላት እንዲደርስ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ተለጥፏል።)



በአጀንዳው ተራ ቁጥር 3 የተያዘው ጉዳይ ለብዙዎቻችሁ ትንሽ ይመስላል። አንድ የብስክሌት ቸርኬ ነው። ስለ ድንኳኑና ስለ ወንበሮቹ ስንነጋገር ሁሉም ኮስተር ብሎ ነበር፤ ቸርኬው ሲነሣ ግን ሣቅ ሆነ። መሣቁ አይከፋም። ነገር ግን በዚያ ቸርኬ ላይ የሚቀመጠው የሰው ልጅ ነው፤ ያውም የእኛው ልጅ። ስለዚህ ኮሚቴው አይቶ፣ አስመርምሮ፣ የሚያውቁ ሰዎችን ጠይቆ የደረሰበትን ለእናንተ ማቅረብ ግዴታው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ብስክሌቷን ሁላችሁም ታውቋታላችሁ። የሠፈራችን ልጅ ከውጭ አገር ለወጣቶቻችን የላካት የእሽቅድምድም ብስክሌት ናት። ከአዲስ አበባ እስከ ወደራ በአውቶቡስ ጣሪያ ላይ ከዕቃ ጋር ታስራ ስትመጣ የፊት ቸርኬዋ ተመታ። ላዩን ሲያዩት ጭረት ብቻ ይመስል ነበር። ጎማው ወልቆ ሲታይ ግን በጎኑ በኩል የጣት ርዝመት ያህል ስንጥቅ አለበት። ቸርኬው ደግሞ ብረት ወይም አሉሚኒየም አይደለም፤ ካርቦን የሚባለው ነው።

ከዚያ ወዲህ በሠፈሩ ሦስት ዓይነት ወሬ አለ። አንደኛው «በማጣበቂያ ሞልተን፣ በሞረድ አስተካክለን፣ ቀለም ቀብተን እንንዳው፤ ከሻይ ዋጋ አይበልጥም» የሚል ነው። ሁለተኛው «ካርቦን ከሆነ ካርቦን ይገዛለት» ይላል። ሦስተኛው ወገን፣ በአብዛኛው ታላላቆቻችን፣ «ብስክሌቷ መጋዘን ትግባ፤ ማኅበሩ ሌላ ሥራ አለው» ብለዋል። እያንዳንዱን እንመልከት።

በመጀመሪያ ካርቦን ምን እንደሆነ እንነጋገር፤ ካላወቅነው መወሰን አንችልም። ካርቦን የሚባለው ከፀጉር የቀጠነ ጥቁር ክር ነው። ክሩ እንደ ጨርቅ ተደርቦ፣ በሙጫ ተነክሮ፣ በቅርጽ ማውጫ ውስጥ ተጨምቆ በሙቀት ይደርቃል። ቀላል ነው፣ ጠንካራም ነው። ጥንካሬው ግን ክሩና ሙጫው ሳይለያዩ አንድ ላይ እስከያዙ ድረስ ነው።

ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። የፎኒክስ ቸርኬ ጉድጓድ ሲመታው ይጣመማል። መጣመሙ ይታያል፤ ብስክሌቱ እየተወላገደ፣ ፍሬኑን እየነካ ይነግርሃል። ጎሚስታው በጉልበቱ ይዞ፣ በመዶሻ መታ መታ አድርጎ፣ ራጂውን አንዱን ጠበቅ ሌላውን ላላ አድርጎ ይመልሰዋል። ስንት ዓመት ስንነዳበት የኖርነው እንደዚያ ነው። ካርቦን አይጣመምም። ወይ ደህና ነው ወይ ተሰብሯል። ደግሞ ከላይ ቀለሙ ደህና ሆኖ ውስጡ ንብርብሩ ተለያይቶ ሊሆን ይችላል። ሲሄድ ቆይቶ አንድ ቀን፣ ምናልባት ቁልቁለት ላይ፣ በድንገት ይለቃል። ማስጠንቀቂያ አይሰጥም።

ታዲያ የተደበቀው እንዴት ይታወቃል? እናቶች ይህን ከእኛ በተሻለ ታውቁታላችሁ። ገበያ ወጥታችሁ ምጣድ ስትገዙ በጣታችሁ ታንኳኳላችሁ። ደህናው ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የተሰነጠቀው ድፍን ይላል፣ ይሰማል። ካርቦንም በዚሁ መንገድ ይመረመራል። ቸርኬው ይታጠባል፣ ይደርቃል፣ ከዚያ በሳንቲም ዙሪያውን ቀስ እያሉ ይመቱታል። ድምፁ ከጠራ ወደ ድፍን የሚለወጥበት ቦታ ላይ ውስጡ ተለያይቷል ማለት ነው። በጥጥም ይታበሳል፤ የተቆረጠ ክር ካለ ጥጡን ይይዘዋል። በአውራ ጣት ሲጫኑትም መርገብ የለበትም። ይህን ሁሉ ከጎሚስታው ጋር ሆነን፣ በቀን ብርሃን፣ ጎማውንና የውስጡን ልባስ አውጥተን አደረግን። በስንጥቁ ግራና ቀኝ ድምፁ ድፍን ነው። ስንጥቁ ከሚታየው በላይ ሄዷል ማለት ነው።

ሳንቲም ሁሉን አያሳይም፤ ይህንም እንናገር። ድምፁ ቢጠራ ኖሮ «ደህና ነው» ብለን አንምልም ነበር። ድፍን ሲል ግን ክርክሩ አለቀ።

ስንጥቁ ያለበት ቦታም ክፉ ነው። ራጂ ቢሰበር ኖሮ ራጂ እንለውጥ ነበር። ኩሽኔታው ቢበላ ኩሽኔታ እንለውጥ ነበር። ከላይ ያለው ቀለም ብቻ ቢጫር ምንም አልነበረም። የእኛ ስንጥቅ ግን ጎማው ተቆንጥጦ በሚያዝበት ከንፈርና ፍሬኑ በሚይዝበት ጎን ላይ ነው። እዚያ ቦታ ላይ ሁለት ነገሮች ይሠሩበታል። አንዱ ንፋስ ነው። የመኪና ጎማ የሚነፋው በአብዛኛው ከ30 እስከ 35 ፒኤስአይ ነው፤ የዚች ቀጭን ጎማ ግን ከ80 እስከ 100 ይደርሳል። ያ ሁሉ ግፊት ከንፈሩን ወደ ውጭ ይገፋዋል። ሁለተኛው ሙቀት ነው። ፍሬን ሲያዝ ቸርኬው ይግላል። ብረትና አሉሚኒየም ሙቀቱን ቶሎ ያስተላልፋሉ፤ ካርቦን እዚያው ያከማቸዋል። ረጅም ቁልቁለት ላይ ፍሬን ይዞ መውረድ ደህናውን የካርቦን ቸርኬ እንኳ ሙጫውን አለስልሶ የሚያበላሽበት ጊዜ አለ። የተሰነጠቀውን ደግሞ አስቡት። ልጆቻችን የሚነዱት የት ነው? ከአዶላ በአንፈራራ ደን በኩል መጥቶ በእኛ በወደራ አልፎ ወደ ነገሌ ቆላ በሚወርደው መንገድ ነው። በሬና ግመል ድንገት በሚገባበት መንገድ፣ ፍሬን ሳይያዝ የሚነዳ ማን ነው?

ባለፈው አንድ ወጣታችን ጥሩ ጥያቄ ጠይቆ ነበር። «የኢትዮጵያ አየር መንገድ ድሪምላይነር በካርቦን የተሠራ ነው፤ ተቃጥሎ ተጠግኖ በረረ ይባላል፤ አውሮፕላን ከተጠገነ ብስክሌት ለምን አይጠገንም?» አለ። ጥያቄው ሞኝ አይደለም፤ ነገሩም እውነት ነው። አየር መንገዳችን ያንን ቦይንግ 787 በነሐሴ 2004 ዓ.ም. ከአፍሪካ የመጀመሪያ ሆኖ ተረከበ፤ አካሉ በክብደት ግማሽ ያህሉ ከካርቦንና ከመሳሰለው ነው። ሐምሌ 5 ቀን 2005 ዓ.ም. አንዱ አውሮፕላን ለንደን ሂትሮው ቆሞ ሳለ፣ ሰው ሳይኖርበት፣ ከጅራቱ አጠገብ ከላይ በኩል እሳት ተነሣበት። ምክንያቱ የአደጋ ጊዜ ጥሪ የሚያስተላልፈው መሣሪያ ባትሪ ነበር። አውሮፕላኑ አልተጣለም፤ እዚያው ተጠግኖ በታኅሣሥ 2006 ዓ.ም. ወደ ሥራ ተመለሰ።

እንግዲህ ካርቦን አይጠገንም የሚል ሰው ተሳስቷል። ይጠገናል። ግን ማን ጠገነው? የሠራው ፋብሪካ፣ ቦይንግ፣ ባለሙያዎቹን ልኮ። ወራት ፈጀ። አውሮፕላኑ ውድ ስለሆነ ለጥገናው የሚወጣው ገንዘብ ያዋጣል። ለእኛ ቸርኬ እንደዚያ ያለ ባለሙያ ብናመጣ ከቸርኬው ዋጋ በላይ ይወጣል። በውጭ አገርም ቢሆን የብስክሌት ቴላዮ የሚጠግኑ ሱቆች አሉ፤ ቸርኬ ሲሆን ግን፣ በተለይ የፍሬኑ ቦታ ሲሆን፣ ብዙዎቹ አንነካም ይላሉ። ከሠፈራችን ሱቅ የሚገዛው ማጣበቂያ ስንጥቁን ይሸፍነዋል እንጂ የተቆረጠውን ክር አይቀጥለውም። ቀለም ሲቀባ ደግሞ ጭራሽ አይታይም፤ ይህ ነው የሚያስፈራን። ሌላም ነገር አለ፤ ካርቦን በሞረድ ሲፈገፈግ የሚወጣው አቧራ ለሳንባና ለቆዳ መጥፎ ነው። ያለ አፍ መሸፈኛ በደረቁ እንዳትሞርዱት። «እኔ ቤት እሞክረዋለሁ» ያልከው ልጅ፣ አንተን ነው።

ስለዚህ ኮሚቴው ጥገናውን አልተቀበለውም።

ሁለተኛው ሐሳብ፣ ሌላ ካርቦን መግዛት፣ ያምራል። አንዳንድ ፋብሪካዎች ለመጀመሪያው ባለቤት የተሰበረውን በቅናሽ ይተካሉ፤ ደረሰኝ ግን ይፈልጋሉ። ብስክሌቷን የላከልንን ልጅ ጠይቀነዋል፤ እሱም ከሰው እጅ የገዛት ስለሆነች ደረሰኝ የለውም። በሙሉ ዋጋ መግዛት ደግሞ የአቅማችን አይደለም። ቢገዛስ? ለዚህ መንገድ፣ ለዚህ ጠጠርና ጉድጓድ፣ ካርቦን ምን ያደርግልናል? ውድድር ላይ ያሉት እኮ ከኋላ መኪና ይከተላቸዋል፤ ቸርኬ ሲበላሽ ሌላ አቀብሏቸው ይሄዳሉ። እኛን የሚከተለን አቧራ ነው።

ሦስተኛውን ሐሳብ፣ ብስክሌቷን መቆለፉን፣ ላቀረባችሁ ታላላቆቻችን በአክብሮት አንድ ነገር እንበል። «ብስክሌት የእኛ ነገር አይደለም» ተብሏል። አገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ የሄደችው በ1949 ዓ.ም. ሜልቦርን ላይ ነው። ከሯጮቹ ጋር ብስክሌተኞችም ሄደው ነበር፤ ገረመው ደንቦባ አንዱ ነበር። በእኛ ዘመን ደግሞ የመቀሌው ልጅ ጽጋቡ ግርማይ በ2008 ዓ.ም. ቱር ደ ፍራንስ በተባለው ትልቅ ውድድር የተሰለፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። ከወደራ ይውጣ አይውጣ አናውቅም። ነገር ግን ማታ ማታ ጫት ቤት ከመቀመጥ ይልቅ ንጋት ላይ ተነሥቶ የሚነዳ ልጅ ካለን፣ ብስክሌቷን ቆልፈን ወዴት እንሸኘው?

ኮሚቴው የሚያቀርበው ይህን ነው፤ በፊት በኩል የአሉሚኒየም ቸርኬ ይግባ። ዋጋው ከካርቦኑ ጋር አይወዳደርም። ሲጣመም ይታያል፤ ጎሚስታችንም ያቃናዋል።

እዚህ ላይ የሚገዙት ልጆች ልብ እንዲሉ የምንፈልገው አለ፤ ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ነው። የፎኒክስም ቸርኬ «28» ይባላል፣ የዚችም «28» ይባላል፤ አንድ አይደሉም። ጎማው ላይ በትናንሽ ቁጥር የተጻፈውን አንብቡ። የፎኒክሱ 635 ይላል፣ የእኛ 622። ልዩነቱ 13 ሚሊሜትር ነው። ጎማው አይገባም፣ ፍሬኑም ቦታውን ይስታል። ሻጩ «ያው ነው» ቢላችሁ አትስሙት፤ ጎማውን ይዛችሁ ሂዱና አግብታችሁ እዩ። ቸርኬውን ብቻ ገዝተን በድሮው ራጂ እንዳናስር ደግሞ የእኛ 20 ቀዳዳ ነው፤ በገበያ የሚገኘው በብዛት 32 ወይም 36 ነው። ስለዚህ ከነራጂው ከነኩሽኔታው ሙሉውን መግዛት ይሻላል። ነገሌ ከጠፋ ሐዋሳ ይፈለጋል።

የፍሬን ጎማውም አብሮ ይለወጣል። የካርቦንና የአሉሚኒየም የፍሬን ጎማ የተለያየ ነው። የኋላው ቸርኬ ካርቦን እንደሆነ ይቀራል፤ መርምረነዋል፣ ድምፁ ዙሪያውን ጥርት ያለ ነው፣ በየወሩም እንደገና ይመረመራል። ስለዚህ የፊቱን ወደ ኋላ፣ የኋላውን ወደ ፊት እያደረጋችሁ እንዳትጫወቱ። አሉሚኒየም የያዘ የፍሬን ጎማ የብረት ፍርፋሪ ይሰካበታል፤ ያ ፍርፋሪ ካርቦኑን ይፍቀዋል። ከኋላም ቢሆን ረጅም ቁልቁለት ላይ ፍሬኑን ይዞ መቆየት የለም፤ ያዝ ለቀቅ ነው።

ገንዘቡን በሚመለከት፣ ከቀብር ማስፈጸሚያው ሣጥን አንዲት ሳንቲም አይነካም። ይህን እትዬዎች ደጋግማችሁ ጠይቃችኋል፤ በቃለ ጉባኤ ይያዝ። ግማሹን ወጣቶቹ ድንጋይ ጭነው ያገኙትን ያዋጣሉ፤ ቀሪውን ማኅበሩ ከልዩ ልዩ ገቢ እንዲሸፍን ነው የምንጠይቀው።

የቀረው የተሰበረው ቸርኬ ነው። «ለማያውቅ ሰው ይሸጥ፣ ገንዘቡ ይጠቅመናል» ያለ አባል አለ፤ ስሙን አንጠራም። ያ ሰው ልጅ የለውም ወይ? በአዶላም ይሁን በነገሌ የሚገዛው የአንዷ እናት ልጅ ነው። ራጂውና መካከሉ ይወጣና ይቀመጣል፤ ቸርኬው ግን በመጋዝ ለሁለት እንዲቆረጥ እንጠይቃለን። መጋዙን በውሃ እያረጠቡ፣ አፍ ተሸፍኖ ነው የሚቆረጠው።

ድምፅ የሚሰጠው በመጪው እሑድ ከቀኑ 8 ሰዓት በማኅበሩ ግቢ ነው። ቸርኬው ከአሁን ጀምሮ በጸሐፊው ቤት በር ላይ ተንጠልጥሏል፤ ሳንቲምም አጠገቡ አለ። ከመወሰናችሁ በፊት መጥታችሁ አንኳኩት።