የመንግሥት ሠራተኛው ውል ሲፈርስ

ዛሬ የምናነሣው በአሜሪካ የመንግሥት ሠራተኞችን ያሳሰበውን የመብት ጉዳይ ነው። በዋሽንግተንና በአካባቢው ብዙ ወገኖቻችን ስለሚኖሩ ነገሩ የእኛንም ቤት ያንኳኳል።

እ.ኤ.አ. በ2024 የአውሮፕላን ማረፊያ ፈታሾች ማኅበር ከመሥሪያ ቤቱ ጋር ለ7 ዓመት የሚጸና የኅብረት ስምምነት ተፈራርሞ ነበር። ዓመት ሳይሞላው፣ በማርች 2025፣ መንግሥት ስምምነቱ አብቅቷል አለ። 47,000 ያህል ፈታሾችን የሚነካ ውሳኔ ነው። በጁን ወር አንዲት የፌዴራል ዳኛ ለጊዜው አገደችው። በዚያው ማርች ፕሬዚዳንት ትራምፕ ብሔራዊ ደኅንነትን ምክንያት አድርገው ባወጡት ትእዛዝ፣ የሌሎች በርካታ መሥሪያ ቤቶች ሠራተኞችም በማኅበር የመደራደር መብታቸው ተነሣ። የቀድሞ ወታደሮችን የሚያክሙ ነርሶች ሳይቀሩ! ነርስና ብሔራዊ ደኅንነት ምን አገናኛቸው ብንል የሚፈርድብን ያለ አይመስለንም። በዲሴምበር 2025 የተወካዮች ምክር ቤት ትእዛዙን የሚሽር ረቂቅ በ231 ለ195 ድምፅ አሳልፏል፤ ያለ ሴኔቱ ግን ሕግ አይሆንም።

የአሜሪካ የፌዴራል ሠራተኛ ሥራ ማቆም በሕግ የተከለከለ ነው፤ የብዙዎቹ ደመወዝም በድርድር አይወሰንም። ታዲያ ማኅበሩ ምን ይጠቅመው ነበር? የፈረቃ አመዳደብ በሥርዓት እንዲሆን፣ ሲከሰስ ከጎኑ የሚቆም ሰው እንዲኖረው፣ አለቃው የወሰነውን ገለልተኛ ዳኛ እንዲያየው ያደርግለት ነበር። ይህ ሲነሣ ሠራተኛው ከአለቃው ጋር ለብቻው ይቀራል።

አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል ማኢዳ መጀመሪያ ላይ አማኞችን ውላቸውን እንዲሞሉ አዝዟል። ውል ለኃያሉም ለደካማውም አማና ነው። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ነቢይ ከመሆናቸው በፊት በኢብኑ ጁድዓን ቤት በተደረገው የሒልፈል ፉዱል ቃል ኪዳን ተገኝተዋል። መነሻው ከየመን ዘቢድ የመጣ ነጋዴ ነበር፤ ከመካ ባለ ሥልጣኖች አንዱ ዕቃውን ወስዶ ዋጋውን ከለከለው። እንግዳ ነው፣ ጎሣ የለውም። ስለዚህ የተሰበሰቡት ሰዎች ሐቁ እስኪመለስ ከተበደለ ጋር ሁሉ ለመቆም ተማማሉ። ረሱልም ከእስልምና በኋላ ቢጠሩበት እንደሚመጡ ተናግረዋል። ለተበደለ ተሰባስቦ መቆም ለዲናችን ባዕድ ነገር አይደለም።

ለጁምዓና ለሒጃብ የሚሰጉ እኅትና ወንድሞች አሉ። ይህን መብት የሰጠው የማኅበሩ ስምምነት ሳይሆን የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ ነው፤ ያ ደግሞ አልተነሣም። እንዲያውም በ2023 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እሑድ አልሠራም ባለ አንድ ክርስቲያን የፖስታ ሠራተኛ ጉዳይ፣ አሠሪ ለሃይማኖት ሲባል የተጠየቀውን የሚከለክለው ሥራውን በእጅጉ የሚጎዳ መሆኑን ሲያስረዳ ብቻ ነው ብሏል። እሱ ያገኘው ፍርድ ለእኛም ይሠራል።

ጥያቄያችሁን በቃል አትተዉት፤ በጽሑፍ አቅርቡ፣ ቅጂውንም ቤት አስቀምጡ። ከተከለከላችሁ የፌዴራል ሠራተኛ በ45 ቀን ውስጥ የመሥሪያ ቤቱን የእኩል ዕድል አማካሪ ማነጋገር አለበት። ብዙ ሰው ሶብር አደርጋለሁ እያለ ቀኑ ያልፍበታል። ሶብር ማመልከቻ ከማስገባት አያግድም።